ልጄ በሕይወት አለች?

ሐሙስ ጠዋት የእህቶች ጸሎት አብቅቶ ወንበር ስናነሳ፣ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አወጡ። የሦስት ዓመት ሕፃን ናት።

«እህቴ፣ ይህች ልጄ ናት። በ2001 ዓ.ም. ለፈረንጆች ሰጠኋት። ተምራ ትመለሳለች ብለውኝ ነበር። ዛሬ ሃያ ዓመት ይሆናታል። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት አለች?»

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ለብዙ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ተምሬአለሁ። ለዚህኛው ግን እጃቸውን ከመያዝ በቀር መልስ አልነበረኝም።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጥያቄ የእኚህ እናት ብቻ አይምሰልዎ። ከሀገራችን በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የበጀት ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ነበሩ። ወደ ስፔን፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎችም አገሮች የሄዱ አሉ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ አስቀረ። ቀድመው የሄዱት ግን አድገው «ማን ወለደኝ?» እያሉ ነው። እዚህም በጀሞ፣ በመካኒሳ፣ በላፍቶ ፎቶግራፍ በላስቲክ ጠቅልለው የሚጠብቁ እናቶች አሉ።

ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ባህል ያገኘነው ቃል ነው፤ በባህሉ ልጁ ሁለት ቤተሰብ ያዛምዳል። የቤተሰብ ሕጋችንም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 183 ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። ልጆቹ በሄዱባቸው አገሮች ግን ጉዲፈቻ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞውን ዝምድና በሕግ ፈጽሞ የሚያቋርጥ ነው። እናት «ልጄን አሳድጉልኝ» ብላ የፈረመችበትን ወረቀት፣ ማዶ ያሉት «ከእንግዲህ የእኛ ብቻ ናት» ብለው አነበቡት።

የእኔ ስሕተት

ከዚህ ቀደም አንድ ወጣት ከአውሮፓ መጥቶ እናቱን እንድፈልግለት ለመነኝ። ወረቀቱን ይዤ ሰፈር ለሰፈር ስጠይቅ ሴትየዋን አገኘኋት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጁን አስከትዬ በቀጥታ ቤቷ ገባሁ። ቡና ተፈልቷል፤ ጎረቤቶች አሉ፤ ባልዋም ተቀምጧል። ፎቶግራፉን ዘርግቼ «ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

«አላውቀውም» አለች።

ልጁ አማርኛ አይሰማም፤ ፊቷን ግን አነበበ። በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ከስምንት ወር በኋላ ሴትየዋ ማታ ብቻዋን ቤቴ መጣች። ሰው ቤት ተቀጥራ ሳለች የወለደችው ልጅ ነበር፤ ባልዋ አያውቅም። «እኔ ልጄን አልካድኩም፤ አንቺ ነሽ ያስካድሽኝ» አለችኝ። ይቅርታ ለመንኳት። ዛሬም ያን ቃል ስሰማ አንገቴን እደፋለሁ።

በኋላ ዘጸአት 2ን ሳነብ፣ የሙሴ እህት በወንዙ ዳር ያደረገችውን አስተዋልኩ። በርቀት ቆማ ጠበቀች፤ ጊዜውን አይታ ቀረበች፤ የንጉሡን ልጅ አላዋረደችም፤ እናቷንም አላጋለጠችም። ዮሴፍም በዘፍጥረት 45 ራሱን ለወንድሞቹ ሲገልጥ በመጀመሪያ ሌላውን ሰው ሁሉ ከፊቱ አስወጣ። እኔ ግን በጎረቤት ፊት ገባሁ።

ፍለጋው እንዴት ይሂድ?

ስለዚህ እርስዎ እንዲህ ያለ አደራ ቢደርስዎ ይህን ያስቡ።

በመጀመሪያ፣ የሚያስታውሱትን አሁኑኑ ያጽፏቸው። አያትና አክስት በሕይወት ሳሉ የልጁን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የተወለደበትን ቦታ፣ በሰውነቱ ላይ ያለ ጠባሳ ሳይቀር ይመዝግቡ። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሕፃናት ማሳደጊያው ስም ካለ ቅጂውን ያስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት እንዳያሳስትዎ። የእኛና የፈረንጆቹ ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያይ ዕድሜ ይምታታል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ሊቀየር ይችላል፤ በላቲን ፊደልም አንዱ ስም በብዙ መንገድ ይጻፋል። የአዲስ አበባ ቀበሌዎች በወረዳ ስለተተኩ የድሮው አድራሻ ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ከመዝገብ ይልቅ የእድር ጸሐፊና የሰፈር ሽማግሌ ያውቃሉ።

ሦስተኛ፣ እርዳታ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው «ቤተሰብ ፍለጋ» ከሁለቱም ወገን መረጃ በነፃ እየመዘገበ የተለያዩ ቤተሰቦችን አገናኝቷል። ጥርጣሬ ሲኖር በምራቅ የሚደረግ የዲኤንኤ ምርመራ እውነቱን ሊለይ ይችላል። «ገንዘብ አስቀድሙና አገኝላችኋለሁ» ከሚል ደላላ ግን ይጠንቀቁ።

አራተኛ፣ በር ከማንኳኳትዎ በፊት ለብቻ ይጠይቁ። ማን ያውቃል? ማን እንዲያውቅ ትፈልጋለች? «አልፈልግም» የምትል ከሆነ እሱም መልስ ነው፤ አያስገድዷት። ስልክዎን ትተው ይመለሱ፤ በሩን ክፍት ያድርጉት።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ የገንዘብ ጥያቄ አይሁን። ችግር እንዳለ እናውቃለን፤ ግን ልጁ የመጣው ዘመድ ሊፈልግ ነው። አስተርጓሚም ከሆኑ የተባለውን ብቻ ይተርጉሙ፤ ስብከት አይጨምሩበት። ያሳደጉትንም ወላጆች አይንቀፉ፤ ልጁ እነሱንም «እናቴ፣ አባቴ» ይላል።

የዚያች እናት ነገርስ? ስማቸውን፣ የልጅቷን ስም፣ የትውልድ መንደራቸውንና በግራ እጇ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ ጽፈን አስመዘገብን። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። በየሐሙሱ ያዩኛል፤ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ባለፈው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ግድ የለም። እሷም ብትፈልገኝ ስሜን ታገኛለች።»

ዮሴፍ ራሱን በገለጠ ጊዜ ወዲያው የጠየቀው ስለ አባቱ በሕይወት መኖር ነበር። ምናልባት ያቺ ልጅም ዛሬ በሩቅ አገር ሆና ስለ እናቷ እንዲሁ ትጠይቅ ይሆናል። እርስዎ በሚኖሩበት ሰፈር፣ በሚያመልኩበት ጉባኤ ይህን ጥያቄ በነጠላ ጫፍ የቋጠረች እናት እንደማትኖር በምን ያውቃሉ? ብትነግርዎ ያድምጧት፤ ምስጢሯን ይጠብቁላት፤ የምታስታውሰውንም ይጻፉላት። ጌታ ይርዳዎ።