የበገና ንዝረት ጫጫታ አይደለም

ዛሬ በየሀገሩ ተበትኖ የሚኖር ሙዚቃ ወዳድ ወገናችን አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ኪቦርድ ካለው መኝታ ቤቱ ስቱዲዮ ይሆንለታል። ክራር የሚደረድር ሰው በአጠገቡ ባይኖር እንኳ የክራሩ ድምፅ አስቀድሞ ተቀርጾ በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ይቀመጥለታል። በሙያው ሳምፕል የሚባለው ይኸው ነው። ታዲያ በዚህ መንገድ በተሠሩ ብዙ ዘፈኖች ውስጥ ክራሩ እንደ ቆርቆሮ የሚጮኸው፣ ማሲንቆው የታፈነ የሚመስለው ለምን ይሆን?

ብዙዎች መድኃኒቱን ከሶፍትዌር ይጠብቃሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ ግን የሳምፕል ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው በቀረጻው ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ ልኬቱን እንይ። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይመዘግባል። አንድ ቢት ወደ 6 ዴሲቤል ስለሚያስገኝ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይኖራል። ለአድማጭ ይህ በቂ ነው። ሳምፕል ግን ኋላ ይጎላል፣ ይደራረባል፤ አብሮት ያለው ሹክሹክታም አብሮ ይጎላል። ስለዚህ በ24 ቢት መቅረጽና ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 10 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ማድረግ ይበጃል። ጣሪያውን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ኤምፒስሪ የጣለውንም ፋይሉን ወደ ዌቭ መቀየር አያመጣውም።

ሁለተኛው ችግር አንዱን ቅጂ ለሁሉም ቁልፍ መለጠጥ ነው። ድምፁን በማፍጠን አንድ ኦክታቭ ከፍ ስናደርገው ርዝመቱ በግማሽ ያጥራል፤ የሣጥኑም ድምፅ አብሮ ስለሚቀጥን ክራሩ መጫወቻ ይመስላል። መፍትሔው እያንዳንዱን አውታር ለብቻው መቅረጽ ነው። ስድስት አውታር፣ በሦስት የምት ኃይል፣ አራት አራት ጊዜ ቢቀረጽ 72 አጫጭር ቅጂዎች ይሆናል፤ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ተመሳሳይ ቁልፍ ሲደጋገም ቅጂዎቹ ስለሚፈራረቁ የማሽን ለዛው ይጠፋል። ኪቦርድ ኦክታቩን በ12 እኩል ቦታ ይከፍላል፤ ደርዳሪው ግን በጆሮው ነው የሚቃኘው። ስለዚህ ቅኝቱን በሶፍትዌር «ለማረም» መቸኮል አይገባም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጫጫታ ማጥፊያ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። አሥሩ የበገና አውታሮች በበርኩማው ላይ ሲያልፉ ከሥራቸው እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ያ ዝዝ የሚል ንዝረት የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ባለሙያው ሆን ብሎ ያመጣው ነው። የማሲንቆው ፈረስ ጭራ ሲፋተግ የሚሰማውም እንዲሁ። ሶፍትዌሩ ግን ይህን አያውቅም። ከክፍሉ ሹክሹክታ ጋር በአንድ የድምፅ ከፍታ ላይ ስለሚያገኛቸው፣ ጠንከር አድርገን ካዘዝነው አንዱን ሲጠርግ ሌላውንም ይዞ ይሄዳል። የሚቀረው ንጹሕ ነው፤ በገና ግን አይደለም።

እንግዲህ ጸጥ ማሰኘት ያለብን ክፍሉን እንጂ መሣሪያውን አይደለም። ፍሪጁን ማጥፋት፣ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል፣ ማይክሮፎኑን ቀረብ ማድረግ፣ ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂም ለብቻው ማስቀመጥ ነው። በባዕድ ሀገር የተወለደ ልጅ በገናን መጀመሪያ የሚሰማው ከኪቦርድ ሊሆን ይችላል። እኛ ጫጫታ ብለን የጠረግነውን እሱ እንደነበረ እንኳ አያውቅም።

ቸር ይግጠመን።