ርካሽ የአይሮፕላን ትኬት ከድሬዳዋ እንዴት ይገኛል?

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በአንድ አይሮፕላን ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሄዱ ሁለት ተማሪዎች የከፈሉት ዋጋ ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም። ብዙ የከፈለው «ተታለልሁ» ይላል፤ ጥቂት የከፈለው «ዕድል ነው» ይላል። ነገሩ ግን ማታለልም ዕድልም አይደለም። የራሱ የሆነ ሥርዓት አለው፤ ይህንንም ሥርዓት ያወቀ ተማሪ ከኪሱ ብዙ ሊያድን ይችላል። ስለዚህ ሥርዓቱን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ቀኑ ሲመሽ ዋጋ ትቀንሳለች፤ ያልተሸጠው ይበሰብስባታልና። የአይሮፕላን መቀመጫም እንዲሁ ነው፤ አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ባዶ የቀረ መቀመጫ ለማንም አይሸጥም። አየር መንገድ ግን ሰዓቱ ሲቃረብ ዋጋውን መቀነስ ትቶ ብዙውን ጊዜ ይጨምራል። ምክንያቱስ ምንድን ነው ቢሉ፣ በመጨረሻው ቀን የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሄድ ግድ የሆነበት ሰው ስለ ሆነ ነው። አባቱ የታመመበት፣ ልቅሶ የደረሰበት ወይም ለሥራ የተጠራ ሰው የተጠየቀውን ይከፍላል። ይህ አሠራር በዓለም ላይ በሰፊው የተስፋፋው አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. የአገር ውስጥ በረራ ዋጋ ከመንግሥት ቁጥጥር ነፃ የሚወጣበትን ሕግ ካወጣች በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ አይሮፕላን 70 መቀመጫ አለው እንበል። ከነዚህ ውስጥ 10ሩ በዝቅተኛ ዋጋ፣ 20ው በመካከለኛ፣ የቀሩት 40 ደግሞ በከፍተኛ ዋጋ ይመደባሉ። ወንበሩ ያው ወንበር ነው፤ የሚለየው ዋጋውና ከትኬቱ ጋር የሚሄደው ደንብ ነው። 10ሩ ካለቁ ቀጥሎ የሚመጣው ገዢ ወደ ሁለተኛው ዋጋ ይሻገራል። ከዚህም የሚከተሉትን ምክሮች እናገኛለን።

አንደኛ፣ ሕዝቡ ወደሚጎርፍበት አቅጣጫ አለመጉረፍ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ ከበዓሉ በፊት ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው፣ ከበዓሉ በኋላም የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። በዚያው ሰሞን በተቃራኒው መንገድ የሚሄድ ሰው የተሻለ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። የገና፣ የፋሲካና የዒድ ዋዜማም እንደዚሁ መታሰብ አለበት። ቀኑን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ማዛወር የሚችል ሰው ሁሉንም ቀኖች አነጻጽሮ ይግዛ።

ሁለተኛ፣ በቡድን ስንሄድ ዋጋውን ለየብቻም መጠየቅ። አራት ጓደኛሞች በአንድ ጊዜ አራት መቀመጫ ሲጠይቁ፣ በርካሹ ዋጋ የቀሩት ሦስት ብቻ ቢሆኑ ብዙ ጊዜ አራቱም በውድ ዋጋ ይታሰባሉ። ለየብቻ ቢጠይቁ ሦስቱ በርካሹ ይገዙና ልዩነቱን ለአራት ይካፈሉታል። ቁጥራቸው 10 እና ከዚያ በላይ ለሆነ መንገደኞች ግን ብዙ አየር መንገዶች የተለየ የቡድን ዋጋ ስላላቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከድሬዳዋ እስከ መድረሻው ያለውን ጉዞ በአንድ ትኬት ቢገዛ ምን ያህል እንደሚያወጣ ይጠይቅ። ሁለት ትኬት ለየብቻ ገዝቶ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጠው ኪሳራው የራሱ ነው፤ አንድ ትኬት ከሆነ ግን በሌላ በረራ መላክ የአየር መንገዱ ግዴታ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ትኬቱን ከድሬዳዋ ገዝቶ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ልሂድ ማለት አይቻልም። የመጀመሪያው በረራ ላይ ያልተገኘ መንገደኛ የቀረው ጉዞው ይሰረዝበታል።

አራተኛ፣ ወጪውን በሙሉ ማስላት። ከሐረርና ከሐረማያ ለሚመጣ ሰው የደንገጎን ቁልቁለት የሚወርድበት የመኪና ኪራይ አለ፤ አዲስ አበባም ሲደርስ ታክሲ አለ። የአውቶቡሱን ዋጋ ስናስብ ደግሞ በመንገድ የሚበላውንና ያለቀውን ቀን እንጨምር። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውንም ባቡር ከሒሳቡ አንርሳ። አይሮፕላን በአንድ ሰዓት ያህል ቢያደርስም ለሁሉም ሰው፣ በማናቸውም ቀን ይበልጣል አንልም።

አምስተኛ፣ ደንቡን ማንበብ። ርካሽ ትኬት ቀን ለመለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ ቅጣት አለበት፤ ጭራሽ የማይመለስም አለ። እኛን ተማሪዎችን የሚጎዳን ይህ ነው። ፈተናው ሰኞ ያልቃል ተብሎ ትኬት የገዛ ተማሪ፣ ፈተናው ወደ ሐሙስ ሲዛወር ያተረፈውን በቅጣት ይመልሳል። ይህን የፈራ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን ይጠብቅና ልቅሶ እንደ ደረሰበት ሰው ውዱን ዋጋ ይከፍላል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ሲጠቃለል፣ ርካሹን መቀመጫ የሚያገኘው ቀኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው። ቀን ማወቅ ግን በተማሪው ጥረት ብቻ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሁለት ነገር ቢያደርግ እንለምናለን። የፈተና ፕሮግራም ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ወጥቶ እንዳይለወጥ ከአስተዳደሩ ጋር ይነጋገር፤ በአንድ ሰሞን ወደ አንድ ከተማ የሚሄዱትንም ተማሪዎች ስም መዝግቦ የቡድን ዋጋ ይጠይቅላቸው። ይህ ከተደረገ ከቤተ ሰቡ በሚላክለት ጥቂት ብር የሚኖረው ወንድማችንና እኅታችንም በዓሉን ከእናቱና ከአባቱ ጋር ለመዋል ይችላል።