ካሜራው የት ቆሟል?

የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ የታሪክ መምህር ሁሉ ያውቃታል። ልጁ ጠዋት ከቀበሌው በእግሩ የመጣ ነው፤ ምሳውን በቅጡ አልበላም፤ ስለ አክሱም የንግድ መስመር ሲነገረው ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ልቡ ግን የለም። ወላይታ፣ ቦምቤ ላይ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለዚህች ሰዓት የደረሰልኝ አንድ ፍላሽ ነው። ላፕቶፕ፣ ከንብረት ክፍል በፊርማ የምትወጣ ፕሮጀክተር፣ ግድግዳ ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ፤ መብራት ካላስቸገረ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። "ዛሬ ዶክመንተሪ አለ" ከተባለ የኋላ ዴስኮች ባዷቸውን ይቀራሉ፤ የጎረቤት ክፍል ልጆችም መስኮት ላይ ይደረደራሉ።

ምን እንደሚወዱ ለይቼ አውቃለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያብራራ ሊቅ አይመቻቸውም። የሚወዱት የሚጓዘውን ነው፤ ቦርሳ አዝሎ ገደል የሚወጣውን፣ ባትሪ ይዞ ዋሻ የሚገባውን፣ የሰው ቤት ገብቶ የቀረበለትን ሲቀምስ ፊቱ የሚለዋወጠውን። የታሪክ፣ የጉዞና የጀብዱ ፊልም የሚጥመው ጥያቄ አንግቦ ስለሚነሣ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያሳይህና "ይህን ዐለት በምን መሣሪያ ፈለፈሉት? ፍርስራሹንስ የት ጣሉት?" ይልሃል፤ መልሱን ሳይሰጥህ ተራራ ያስወጣሃል፣ ከሽማግሌ ጋር ያስቀምጥሃል። የመማሪያ መጽሐፋችን ግን መልሱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገርና የቀረውን ገጽ በዝርዝር ይሞላዋል። መጨረሻውን ያወቀ ልጅ ለምን ይከተል?

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ "ማስተማር ነው ወይስ ማዝናናት?" ይሉኛል። ጥርጣሬያቸው መሠረት አለው። በ1990ዎቹ ማብቂያ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው ፕላዝማ ሁላችንንም አስተምሮናል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት በቀጥታ ይመጣ ነበር። ሥዕሉ ያምራል፤ ሙከራው በቀለም ይታያል። ነገር ግን አይቆምም፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ልጁ አንዷን ቃል ሲያሰላስል ስክሪኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀድሞት ይሄዳል፤ መምህሩም ጥግ ይዞ ከተማሪው እኩል ተመልካች ይሆናል። ከዚያ የወሰድኩት ትምህርት ስክሪን መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ልታቆመው የማትችለው ስክሪን አያስተምርም የሚል ነው። የእኔ ዋና መሣሪያ እንግዲህ ፊልሙን የምታቆመዋ ቁልፍ ናት።

ሌላው ልምዴ ድምፁን ማጥፋት ነው። የዚህ መነሻው ዲሽ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዐረብኛ ሲተላለፍ በነፃ ስለሚገባ፣ ብዙ ልጆች ያደጉት አንዲት ቃል ሳይገባቸው አንበሳና ፒራሚድ እያዩ ነው። ታዲያ ዝም ብለው አላዩም፤ ትረካውን ራሳቸው በወላይትኛ ይፈጥሩለት ነበር። እኔም ይህንኑ ወደ ክፍል አመጣሁት። የላሊበላን ሥዕል ያለ ድምፅ አሳይና ሁለት ልጆችን አስነሣለሁ። አንዱ "ማንም ሊፈታው ያልቻለ ምሥጢር" እያለ ይተርካል፤ ሁለተኛዋ "መሮና መጥረቢያ የያዙ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ጠራቢዎች" እያለች ትተርካለች። ሥዕሉ ያው ነው። ክፍሉ ግን በመጀመሪያው ትረካ አፉን ይከፍታል፣ በሁለተኛው ስለ ዋጋ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ሠራተኛ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የፊልሙን የራሱን ድምፅ ስከፍት ተራኪውን እንደ ድሮው በዝምታ አያምኑትም።

ሥዕሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ከሀገራችን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ ፊልሙ የተመልካቹን ኪስ የሚያስፈታ የእርዳታ ጥሪ ሆነ። ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ደርግ ግን በረሃብተኛው ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ድሎት እያስገባ አቀናብሮት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የተራበው ሕፃን ፊት ለንደን ላይ "እርዱ" አለ፤ አዲስ አበባ ላይ "ፍረዱ" አለ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የሚጠይቁኝ "ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛው?" ብለው ነው። ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ እጅ ግን አለ፤ የምንፈልገው እሱን ነው።

እናም በክፍሌ አንድ ጥያቄ ተለምዷል፦ ካሜራው የት ቆሟል?

ጥያቄውን ወደ ራሳችን ደጃፍ ሳመጣው ነገሩ ይከብዳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ በወላይታ ላይ ሲዘምቱ፣ ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ከሠራዊቱ ጋር ተጉዟል። ያየውን ጻፈ፣ ፎቶግራፍም አነሣ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ታተመ። ስለ እልቂቱ፣ ስለ ተነዳው ከብትና ስለ ምርኮኛው ከጻፉ የዓይን ምስክሮች ዋናው እሱ ነው። ያየው ነገር እንደዘገነነው አልደበቀም። ነገር ግን የሚያድረው በምኒልክ ሰፈር ነበር፤ ወላይታን ያየው ከድንኳኑ በኩል ነው። የወላይታውን ንጉሥ ካዎ ጦናን የምናገኛቸው ሲዋጉ ሳይሆን ከተማረኩ በኋላ ነው። በቦምቤና በአካባቢው ካሉ ሽማግሌዎች የሚሰማው ታሪክ ደግሞ ከወላይታ ወገን ሆኖ የታየ ነው፤ ማን ልጁን ይዞ ወደየትኛው ገደል እንደወረደ፣ የየትኛው ጎሳ አባት የት እንደወደቀ። ታሪኩን ያወረሱት አባቶች ካሜራ አልነበራቸውም፣ ቆመው የነበሩበት ቦታ ግን ይታወቃል።

ይህንን ካወራን በኋላ ነው የኃይሌ ገሪማን "አድዋ" የማሳየው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ይህ ፊልም ለእኔ የታሪክና የጉዞ ፊልም እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ ጥሩ ማሳያ ነው። የጸሐፌ ተውኔቱ የገሪማ ታፈረ ልጅ ሀገር ለሀገር እየዞረ ከአረጋውያን አፍ ትዝታና ፉከራ ይሰበስባል፤ ተራኪውም ራሱ ነው፣ የቆመበትንም አይደብቅም። ልጆቹ ይወዱታል፤ ደረታቸው ይነፋል። ቀጥሎ ግን ከመሃል አንዱ ቀኑን ያሰላል። "ቲቸር፣ አድዋ የካቲት 1888 ከሆነ፣ ይህ ጦር ከዓመት ከጥቂት ወር በፊት እዚህ ነበር ማለት ነው?" አዎ፣ ነበር። ጥያቄው ሲመጣ ፊልሙን አቆማለሁ። ድሉን ለማሳነስ ወይም ቁስሉን ለመሸፈን አልቸኩልም። ያው ትውልድ ሁለቱንም አደረገ። አንድ ፊልም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያሳይ ባይችል፣ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ሊያስባቸው ይችላል።

ወደ ጀብዱ ስንሄድ ፊቶች ይፈታሉ። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከዓባይ መነሻ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ባሕር የደረሱበት ጉዞ በትልቅ ስክሪን ፊልም ተሠርቶ "የናይል ምሥጢር" በሚል ስም ወጥቷል። ጀልባው ሲገለበጥ ክፍሉ ይጮኻል፤ አዞ ብቅ ሲል ዴስክ ላይ የሚወጣ አለ። ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ "ኦሞንስ የወረደው አለ?" የሚል ነው። አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጆን ዮስት የሚባሉ ወጣት አሜሪካውያን ከጓደኞቻቸው ጋር አዋሽንና ኦሞን በጎማ ጀልባ ወርደው፣ በጥንቱ የግብፅ የአዞ አምላክ ስም "ሶቤክ" ብለው የጉዞ ድርጅት አቋቋሙ። ዛሬ ያን ጉዞ ልድገም የሚል ሰው የሚያገኘው ሌላ ውኃ ነው። 243 ሜትር ከፍታ ያለውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ወንዙን ወደ ኋላ አስተኝቶታል፤ ከግድቡ በላይ የነበረው ፏፏቴና አሸንዳ ከሐይቁ ሥር ነው። የኦሞን የቀድሞ ጩኸት የሚያውቁት የተማሪዎቼ አባቶችና አያቶች ናቸው። ልጆቹን የማዛቸውም እነሱ ዘንድ ሄደው እንዲጠይቁ ነው።

ደቡብ ኢትዮጵያ የተቀረጸባቸው ፊልሞች ጥቂት አይደሉም። የቢቢሲው ብሩስ ፓሪ "ትራይብ" በተባለው ተከታታይ ፊልሙ ከሱሪ፣ ከሐመር፣ ከዳሰነችና ከኛንጋቶም ጋር ኖሯል፤ ልጆቹ ከብት ሲዘልልና ደም ሲጠጣ አይተው ተደንቀዋል። ወደ እነሱ አገር፣ ወደ ጂንካ፣ የሚወስደው ዋናው መንገድ ደግሞ ሶዶን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ካሜራ የጫነው ላንድክሩዘር ሶዶ ላይ ነዳጅ ይሞላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይቀጥላል። እንሰት የሚተክል፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ፣ ሸሚዝ የለበሰ ገበሬ ለቀረጻ "አይበቃም"። ከዚያው ከሶዶ በላይ በዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ግን ሞጨና ቦራጎ የተባለው የዐለት መጠለያ አለ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ቀጥሎም የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የመሩት ቡድን ቆፍረውበታል፤ ዕድሜው ወደ 50 ሺሕ ዓመት የሚጠጋ የሰው አሻራና ከጥቁር ባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች ከእሳተ ገሞራ አመድ ንብብሮች መካከል ወጥተዋል። ዘመናዊው ሰው ከአፍሪካ ወጥቶ በተስፋፋበት ዘመን አካባቢ እዚህ ተራራ ላይ እሳት የሚያነድ ሰው ነበር ማለት ነው። ጥያቄ አንግቦ ለሚነሣ ፊልም ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ስለዚህ ለልጆቹ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ በስልክ፣ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ የሚያውቁትን ቦታ ወይም ሥራ የሚያሳይ ፊልም። ብዙዎቹ ወደ አጆራ ፏፏቴ ሄዱ። የአጃንቾና የሶኬ ወንዞች ጎን ለጎን ሲወረወሩ ከጀርባ አድርገው፣ እንደ ቴሌቪዥኑ ሰውዬ እጃቸውን ዘርግተው አወሩ። ጥሩ ነው። ያልጠበቅኩት ግን የአንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ሥራ ነው። እናቷን ጓሮ ቀርጻለች። እናት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የእንሰቱን ልጥ በአንድ ተረከዛቸው ሳንቃው ላይ ይዘው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቃሉ፤ ነጩ ፍቅፋቂ ከታች ይከመራል፣ ቃጫው እጃቸው ላይ ይቀራል። ልጅቷ ትጠይቃለች፤ እናት ሥራቸውን ሳያቆሙ በወላይትኛ ይመልሳሉ፦ የትኛው ዓይነት ለቆጮ እንደሚሻል፣ በስንት ዓመቱ እንደሚቆረጥ፣ ከአማታቸው ምን እንደተማሩ። በመካከል ቀና ብለው "አንቺ፣ ያንን ስልክ አስቀምጪና ውኃ አምጪልኝ!" አሉ። ልጅቷ ይህንን አልቆረጠችውም።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንደ ልማዴ "ካሜራው የት ቆሟል?" ስል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ልጅ "ቲቸር፣ ካሜራው ሥራ ሸሽቶ ነው የቆመው!" አለ። ቀልድ ነው፤ ግን ስለ ዘጋቢ ፊልም ከሰማኋቸው ትንታኔዎች አይተናነስም። በታላላቆቹ ጣቢያዎች ፊልሞች ላይ የተቀረጸው ሰው ቀራጩን "ውኃ አምጣ" ሲለው አላየሁም። እዚህ ግን ቀራጯ ልጅ ናት፤ ተቀራጯ እናት ናቸው፤ ሥልጣኑ ያለው ማን ዘንድ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ልጅቷ በነጋታው ፊልሟን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስተዋወቀች፤ ሁለተኛው ውኃውን ማምጣቷን የሚናገር ነበር።

በዚህ ዓመት የትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባዬ፣ እንዲህ ከጠቀመ ከዘጋቢ ፊልሞቹም የፈተና ጥያቄ ይውጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተቃወምኩ። ናይል በስንት ቀን ተወረደ፣ የግድቡ ከፍታ ስንት ነው ብዬ ባወጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ደብተር ይዘው ቁጥር ሊያድኑ ይመጣሉ፤ ጀልባው ሲገለበጥም የሚጮኽ አይኖርም። ጥያቄው በራሳቸው አፍ የሚመጣው ደስ ብሏቸው ሲያዩ ነው። ለፈተናው መጽሐፉ ይበቃል።