ከዋደራ እስከ አክራ

ዛሬ በሐዋሳ ፒያሳ ሱቅና ካፌ የሞላበት ጎዳና በ1933 ዓ.ም. አልነበረም፤ ከተማዋ ራሷ ገና አልተቆረቆረችም። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ግን አካባቢው የጦርነት ቀጠና ነበር። ግንቦት 6 ቀን የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሻሸመኔን ያዘ። ከአራት ቀን በፊት ደግሞ ከነገሌ ወደ ሰሜን በሚወስደው ደን የሸፈነው መንገድ ላይ፣ ዋደራ በተባለው ቦታ፣ የጎልድ ኮስት ብርጌድ ሳምንታት ከፈጀ ውጊያ በኋላ የጣሊያንን ምሽግ ሰብሮ አልፏል።

ጎልድ ኮስት የዛሬዋ ጋና ናት። ልጆቿ ከአትላንቲክ ዳር መጥተው ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ፋሺስትን ሲወጉ፣ የገዛ አገራቸው ከ1866 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። የሌላውን አገር ነፃ ለማውጣት የሞቱ፣ በአገራቸው ግን ገዥያቸውን የመምረጥ መብት ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩ።

እንግሊዝ ከኢትዮጵያም ቶሎ አልለቀቀችም። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ በሳምንቱ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ተቃወመ። በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት የገንዘብ ድጋፍ ቢሰጥም፣ የእንግሊዙን መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ በላይ አስቀመጠው፤ ኦጋዴንንም በእንግሊዝ እጅ ተወው። የታኅሣሥ 1937ቱ ስምምነት ብዙውን አቃና። በእንግሊዝ እጅ የቆየው የሐውድ አካባቢ የተመለሰው ግን በ1947 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ዘውድና የቆየ መንግሥት ስለነበራት በድርድር ተሟገተች። ጎልድ ኮስት ይህ አልነበራትም፤ ትግሉ ከገበያና ከጎዳና መነሣት ነበረበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጎልድ ኮስት የዘመቱት ከ60 ሺህ በላይ ናቸው። ከምሥራቅ አፍሪካ ሌላ በበርማም ተዋግተዋል። ሲመለሱ የጠበቃቸው ሥራ አጥነትና የኑሮ ውድነት ነበር፤ ቃል የተገባላቸው ጡረታም በቅጡ አልደረሳቸውም። በዚያው ወቅት መንግሥት በበሽታ የተያዙ የካካዎ ዛፎችን በግድ ያስቆርጥ ነበር፤ ካካዎ ደግሞ የገበሬው መተዳደሪያ ነው። በጥር 1940 ዓ.ም. የአክራው ባላባት ኒ ክዋቤና ቦኔ ሕዝቡ ከውጭ የሚገቡ ሸቀጦችን እንዳይገዛ አሳደሙ።

አድማው ያበቃው የካቲት 20 ቀን ነው። በዚያው ዕለት የቀድሞ ወታደሮች አቤቱታቸውን ለአገረ ገዥው ለማድረስ ባዶ እጃቸውን ወደ ክርስቲያንስቦርግ ግንብ ተጓዙ። ኢምሬይ የተባለ እንግሊዛዊ የፖሊስ አዛዥ መንገድ ዘግቶ ጠበቃቸው። ተኩሱ ብሎ ሲያዝ ፖሊሶቹ አመነቱ፤ እሱም ጠመንጃ ተቀብሎ ራሱ ተኮሰ። ሳጅን አጄቴይ፣ አሥር አለቃ አቲፖና ተራ ወታደር ኦዳርቴይ ላምፕቴይ ወደቁ። ወሬው ገበያው ውስጥ ሲደርስ፣ የዕቃ ዋጋ እንደተጠበቀው አልወረደም ብሎ ተቆጥቶ የነበረው ሕዝብ የአውሮፓ ኩባንያዎችን መደብሮች አቃጠለ። ረብሻው በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ በጠቅላላው 29 ሰዎች ሞቱ።

የጋና ነፃነት በዚያ አንድ ቀን መጣ ማለት አይቻልም፤ የተማሩት ሰዎች ከዓመታት በፊት ሲጠይቁት ኖረዋል። የገዥዎቹን እርግጠኝነት የሰበረው ግን ይህ ቀን ይመስላል። ሎንዶን የላከችው አጣሪ ቡድን የነበረው ሕገ መንግሥት ጊዜው ያለፈበት መሆኑን መሰከረ፤ ከዚያም ጎልድ ኮስታውያን ብቻ የተቀመጡበት ኮሚቴ አዲስ ረቂቅ አዘጋጀ።

የነፃነት ታጋዩ ክዋሜ ንክሩማ ግን ይህን አዝጋሚ መንገድ አልተቀበሉም። በሰኔ 1941 ዓ.ም. የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው ራስን ማስተዳደር አሁኑኑ ይሰጠን አሉ፤ ሥራ ማቆምና አድማ አስነሥተውም ታሰሩ። በየካቲት 1943 ዓ.ም. ምርጫ ሲደረግ በአክራ ከተሰጠው 23,122 ድምፅ 22,780ውን ያገኙት እስር ቤት ሆነው ነው። አገረ ገዥው አርደን ክላርክ ሊፈቷቸው ተገደዱ፤ ንክሩማም ከወህኒ ወጥተው መንግሥት መሠረቱ።

ከዚያም በኋላ ስድስት ዓመት ወስዷል። ካካዎ አብቃዩ የአሻንቲ ሕዝብ ፌዴሬሽን ይሁን ብሎ ተነሣ፤ እንግሊዝም የነፃነቱን ቀን ከመቁረጧ በፊት ሌላ ምርጫ ይካሄድ አለች። ንክሩማ ያንንም አሸነፉ። የካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ጋና ነፃ ሆነች።

በግንቦት 1955 ዓ.ም. ንክሩማ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ለመፈረም አዲስ አበባ መጡ። ሻሸመኔን በያዘው ጦር ውስጥ ወታደሮቿን ያሰለፈችው ኬንያ ግን ያን ጊዜ ገና በእንግሊዝ ሥር ነበረች፤ ነፃነቷን ያገኘችው ከሰባት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው።