የምግብ ገላጭ ጽሑፍ፦ ከመግዛት በፊት ሊነበብ የሚገባው የጤና መረጃ

አቡ ዳቢ፦ በአቡ ዳቢ ከተማ አል ኻሊዲያ ሰፈር በሚገኙ መደብሮች ከበርካታ አገሮች የገቡ የታሸጉ ምግቦች ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸጣሉ። የሸማቹን ዓይን የሚስበው የፊት ለፊቱ ሥዕልና ቀለም ቢሆንም፣ ለጤና ወሳኝ የሆነው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ በደቃቅ ፊደላት የሰፈረው ነው። በተለይ ለአሠሪ ቤተሰብ ሸመታ ለሚያከናውኑና ሕፃናትን ለሚመግቡ ኢትዮጵያውያን ይህን መረጃ ማንበብ የሌላውን ሰው ጤና የመጠበቅም ኃላፊነት ነው።

በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ለገበያ የሚቀርብ የታሸገ ምግብ ገላጭ ጽሑፍ በዐረብኛ መቅረብ ይኖርበታል። ከውጭ በሚገቡ ምርቶች ላይ ዐረብኛው በተለጣፊ ወረቀት ሊጨመር ይችላል።

በቅድሚያ መታየት ያለበት የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ነው። በዐረብኛ «ታሪኽ አል ኢንታጅ» የተመረተበትን፣ «ታሪኽ አል ኢንቲሃእ» ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን ያመለክታል። ቀኑ በዐረብኛ አኃዝ ከተጻፈ ጥንቃቄ ያሻል፤ የዐረብኛው አምስት ክብ በመሆኑ ዜሮን፣ ስድስቱ ደግሞ 7ን ይመስላል፤ ዜሮው ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጊዜው ያለፈበትን ምግብ ደህና ነው ብሎ ሊገዛ ይችላል።

ቀጥሎ የሚነበበው «ሙከውዊናት» የሚለው የግብዓቶች ዝርዝር ነው። ግብዓቶች የሚሰፍሩት ከብዛታቸው በመነሣት በክብደት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ስኳር በመጀመሪያዎቹ ተርታ ከተጠቀሰ ምርቱ በአመዛኙ ጣፋጭ ነው ማለት ነው። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስና የበቆሎ ሽሮፕም የስኳር ዓይነቶች ናቸው። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚል ጽሑፍ ምርቱ ከነአካቴው ስኳር የለውም ማለት አይደለም፤ የፍራፍሬ ጭማቂ በተፈጥሮው ስኳር አለውና።

አለርጂ ላለበት ሰው ይህ ዝርዝር የሕይወት ጉዳይ ነው። በአካባቢው የተለመዱት ጠሂና፣ ሑሙስ፣ ሐላዋና ዘዕተር ሰሊጥ አለባቸው። በዐረብኛ ሰሊጥ «ሲምሲም»፣ ኦቾሎኒ «ፉል ሱዳኒ»፣ ወተት «ሐሊብ»፣ እንቁላል «በይድ» ይባላሉ። ልጅ የሚንከባከብ ሠራተኛ ሕፃኑ የትኛው ምግብ እንደማይስማማው ከወላጆቹ ጠይቆ ስሙን በዐረብኛና በእንግሊዝኛ አጽፎ ቢይዝ ይመረጣል። ጾመኞችም በብስኩትና በቸኮሌት ውስጥ የወተት ዱቄት፣ አጓት ወይም ኬዚን መኖሩን ከዚሁ ዝርዝር ማወቅ ይችላሉ።

በሥነ ምግብ ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ለምን ያህል መጠን እንደተሰጠ ማጣራት ያስፈልጋል። አንድ መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር ካለው፣ የ330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮው 33 ግራም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከተጨማሪና መሰል ስኳሮች የሚገኘው ኃይል ከዕለታዊው ፍጆታ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ገደማ ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ጨው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ነው። ሰንጠረዡ ሶዲየምን ብቻ ከጠቀሰ፣ ቁጥሩን በ2.5 በማባዛት የጨው መጠኑን ማወቅ ይቻላል። 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም 2 ግራም ጨው ነው።

በአቡ ዳቢ ሥራውን የሚያቃልል ምልክትም አለ። «ኑትሪ ማርክ» የተባለው ደረጃ ምርቶችን ከ«ኤ» እስከ «ኢ» የሚመድብ ሲሆን፣ «ኤ» የተሻለውን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ በመጀመሪያው ምዕራፍ የዳቦና ኬክ ውጤቶችን፣ ዘይቶችን፣ የወተት ተዋጽኦዎችን፣ መጠጦችንና የሕፃናት ምግቦችን እንዲያካትት ተደርጓል። ደረጃው የሚጠቅመው እርጎን ከእርጎ፣ ዘይትን ከዘይት ጋር ለማነጻጸር ነው። አለርጂን ግን አይገልጽም፤ «ኤ» ያለው ምርትም ሰሊጥ ወይም ወተት ሊኖረው ስለሚችል ዝርዝሩን ማንበብ አይቀርም።

በኤሚሬቱ የምግብ ደኅንነትን የሚቆጣጠረው የአቡ ዳቢ ግብርናና ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ነው። ጊዜው ያለፈበት ወይም ገላጭ ጽሑፉ የተፋቀ ምርት ያጋጠመው ሸማች በአቡ ዳቢ መንግሥት የጥሪ ማዕከል 800555 ማሳወቅ ይችላል፤ ለዚህም ደረሰኙንና ማሸጊያውን ማስቀመጥ ይጠቅማል።