የማንቸስተር ቢራ እና የግሬን መቶኛ

በ1900 እ.ኤ.አ. የእንግሊዞቹ ከተሞች የማንቸስተርና የሳልፎርድ ሐኪሞች አንድ ዓይነት በሽተኛ በዛባቸው። እጅና እግሩ ይደነዝዛል፣ ይወጋዋል፣ ያቃጥለዋል፤ ጡንቻው ሲነካ ያመዋል፤ ውሎ አድሮ መራመድ ያቅተዋል። አብዛኞቹ ድሆችና ቢራ አዘውታሪዎች ስለነበሩ ሐኪሙ ብዙም አይቸገርም ነበር። አልኮል ነርቭን እንደሚጎዳ ይታወቃል፤ ስለዚህ «ከመጠጥ የመጣ የነርቭ በሽታ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ጥፋቱም የበሽተኛው ይሆናል።

በከተማው የድሆች ሆስፒታል ይሠራ ለነበረው ለዶክተር ኧርነስት ሬይኖልድስ ግን ነገሩ አልዋጥለት አለ። ጥፋተኛው አልኮል ቢሆን ኖሮ ጠንካራ መጠጥ የሚጠጡት በባሰባቸው ነበር፤ የሚታመሙት ግን ቢራ ጠጪዎቹ ናቸው። ደግሞም የሰዎቹ ቆዳ ይጠቁራል፣ መዳፋቸውና የውስጥ እግራቸው ይደድራል፣ አልማዝ ባለጭራም ይወጣባቸዋል። አርሴኒክ በዚያ ዘመን በመድኃኒትነት ይሰጥ ነበርና፣ አልማዝ ባለጭራ አርሴኒክ በሚወስዱ ሰዎች ላይ እንደሚታይ ሬይኖልድስ ያውቃል። በኖቬምበር በሽተኞቹ ከሚጠጡት ቢራ አስመጥቶ መረመረ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ቢራው ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር እየፈላ ንጹሕ የመዳብ ቁራጭ ይነከርበታል፤ አርሴኒክ ካለ መዳቡ ይጠቁራል። መዳቡ ጠቆረ።

መርዙን ወደ ምንጩ መከተል ከዚያ በኋላ አልከበደም። ብዙ ጠማቂዎች ከብቅሉ ጋር ርካሽ ስኳር ይጨምሩ ነበር። ስኳሩ የሚመጣው ከሊቨርፑል አጠገብ፣ ጋርስተን ከሚገኘው የቦስቶክ ፋብሪካ ሲሆን የሚዘጋጀውም በሰልፈሪክ አሲድ ነው። አሲዱ የተሠራው አርሴኒክ ካለበት ፓይራይት ከተባለ ማዕድን ነበር፤ አርሴኒኩም ሳይወገድ ለምግብ ሥራ ዋለ። ከስድስት ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ቢያንስ 70 ሞቱ።

ከዚያ የባሰው ጥያቄ መጣ። በ1901 መንግሥት ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩ ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን ነበር። ኮሚሽኑ ሲመረምር ብቅሉ ራሱ በድንጋይ ከሰልና ከእሱ በሚሠራው ኮክ በተባለ ማገዶ ጭስ ሲደርቅ ጥቂት አርሴኒክ እንደሚይዝ ታየ። ስለዚህ «አርሴኒክ አለ ወይ?» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «ምን ያህል?» መባል ነበረበት። ኬልቪን የሜትሪክ ሥርዓት ብርቱ ደጋፊ ቢሆንም፣ ጠማቂው፣ ተቆጣጣሪውና ዳኛው የሚያውቁት የክብደት መለኪያዎቹን ግሬንንና ፓውንድን፣ የፈሳሽ መስፈሪያውንም ጋሎንን ነው። በ1903 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርትም በዚያው ቋንቋ ተናገረ፦ ለፈሳሽ በጋሎን የግሬን አንድ መቶኛ፣ ለጠጣር ምግብ በፓውንድ የግሬን አንድ መቶኛ።

ይህን ወሰን ዛሬ ለመረዳት መሠረቱን መፍታት ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ጋሎን በ1824 ሲደነገግ አሥር ፓውንድ ውሃ የሚይዝ ተደርጎ ነው፤ አንድ ፓውንድ ደግሞ 7,000 ግሬን ነው። እንግዲህ አንድ ጋሎን ውሃ 70,000 ግሬን ይመዝናል፤ በጋሎን አንድ ግሬን ማለትም ከሰባ ሺህ አንድ ማለት ነው። በሜትሪክ ግሬኑ 64.8 ሚሊግራም፣ ጋሎኑ 4.546 ሊትር ነው፤ ሲካፈል በሊትር 14.25 ሚሊግራም ይወጣል። የመቶኛው ወሰን በሊትር 0.1425 ሚሊግራም፣ ወይም 142 ማይክሮግራም ገደማ ይሆናል።

ስሌቱ በወረቀቱ ላይ የማይታይ ነገር ያወጣል። በፓውንድ የግሬን መቶኛ ወደ ሜትሪክ ሲለወጥ በኪሎግራም 1.43 ሚሊግራም ነው። ሁለቱ ደንቦች በእኩል ቁጥር ቢጻፉም፣ ጋሎን አሥር ፓውንድ ውሃ ስለሆነ የፈሳሹ ወሰን አሥር እጥፍ ጥብቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ አንባቢ ያንኑ ሪፖርት በአገሩ ጋሎን፣ በ3.785 ሊትር ቢያሰላው ደግሞ በጋሎን አንድ ግሬን 17.1 ሚሊግራም በሊትር ይሆንበታል፤ የተፈቀደው መርዝ በሃያ በመቶ ጨምሮ ይታየዋል።

አንድ እርምጃ ይቀራል፤ የሚዘነጋውም እሱ ነው። የዘመኑ ኬሚስቶች «አርሴኒክ» ብለው የሚመዝኑት አብዛኛውን ጊዜ ነጩን የአርሴኒክ ኦክሳይድ ነበር። ከክብደቱ 76 በመቶ ያህሉ አርሴኒክ ነው፤ የቀረው ኦክስጅን። የዛሬ ላቦራቶሪ የሚቆጥረው አርሴኒኩን ብቻ ስለሆነ 142 ማይክሮግራሙ ወደ 108 ይወርዳል።

አሁን ማወዳደር ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1993 ጀምሮ ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። የኬልቪን ኮሚሽን ለቢራ የፈቀደው ከዚህ አሥራ አንድ እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። የኮሚሽኑ አባላት ስለ ሰው ሕይወት ግድ ስላልነበራቸው አይደለም፤ ፊታቸው የነበረው በወራት ውስጥ የሰው እግር የሚያሽመደምድ መርዝ ነው። ጥቂት አርሴኒክ ለዓመታት ሲጠጣ የቆዳ፣ የሳንባና የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚያስከትል በሚገባ የተረጋገጠው ከእነሱ በኋላ ነው።

ይህን የዕውቀት ጉዞ በቁጥር ማየት የቻልነው ሦስት ነገሮችን ስለጠየቅን ነው፦ የተመዘነው ምንድን ነው? በምን ያህል ፈሳሽ ወይም ምግብ ውስጥ? በየትኛው አገር መስፈሪያ? ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የድሮው ወሰን ከእውነቱ የላላ ወይም የጠበቀ መስሎ ይታያል፤ በዚያ ላይ የሚቆም ውሳኔም የሚጠጣውን ሰው ያሳስታል። የመጠን ሠንጠረዥ የሚጽፍ ሁሉ ሦስቱን መልሶች ከቁጥሩ ጎን ያስፍር፤ የመርዝ ወሰን ሰውን የሚጠብቀው እንዲህ ተሟልቶ ሲጻፍ ነው።