ከቦሌ እስከ ጂዳ፦ አቅም ያነሰው ተጓዥ በኤርፖርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የሐጅና የዑምራ ጉዞ ሲቃረብ ወደ መስጊዳችን የሚመጡ ቤተሰቦች የሚጠይቁን በአብዛኛው ስለ ኢሕራም፣ ስለ ጠዋፍና ስለ ሰዕይ ነው። ስለ ኤርፖርቱ የሚጠይቀን እምብዛም ነው። ሆኖም የብዙ አዛውንቶች ጉልበት የሚከዳው መካ ሳይደርሱ፣ ገና ጂዳ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምናውቃቸው አንዲት እናት «እኔ ሽባ አይደለሁም፣ በወንበር አልገፋም» ብለው ከልጃቸው ጋር ተከራክረው ሄዱ። ረጅሙ መተላለፊያና የፓስፖርት ሰልፉ እግራቸውን አሳበጠው። መካ ገብተው፣ ኢሕራም ላይ እንዳሉ፣ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረዱም። ዑምራቸውን የፈጸሙት በሦስተኛው ቀን፣ ያውም በዊልቸር ተገፍተው ነው።

በጂዳ የሚገኘው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት እ.ኤ.አ. በ1981 አገልግሎት የጀመረ ሲሆን ከከተማው በስተሰሜን ይገኛል። አንድ ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ተርሚናሎቹም የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ትኬታችሁ ላይ የተጻፈውን ተርሚናል አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በሐጅ ወቅት ሑጃጅ የሚስተናገዱበት የሐጅ ተርሚናል 210 ግዙፍ ድንኳኖች ያሉት ሲሆን፣ ድንኳኖቹ ከመስታወት ክር ተሠርተው በቴፍሎን የተለበጡ ናቸው። ከዋነኞቹ መሐንዲሶቹ አንዱ ፈዝሉር ረሕማን ኻን የተባለ የዳካ ተወላጅ ሙስሊም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 እዚያው ጂዳ ውስጥ አረፈ፣ አላህ ይዘንለት። ድንኳኖቹ ጥላና ነፋስ ይሰጣሉ፤ ርቀቱን ግን አያሳጥሩም። ከ2018 ወዲህ ደረጃ በደረጃ ሥራ የጀመረው አዲሱ ተርሚናል 1 ደግሞ እጅግ ሰፊ ነው። በውስጡ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ፤ ከሕንፃው ጋር ከተያያዘው ጣቢያም የሐረመይን ፈጣን ባቡር ወደ መካና ወደ መዲና ይሄዳል። እግሩን ለሚያመው ሰው በአውቶቡስ ከመንገላታት ባቡሩ ይሻላል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዊልቸር የሚጠየቀው ኤርፖርት ከተደረሰ በኋላ አይደለም። ትኬት ሲቆረጥ፣ ካልሆነም ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀደም ብሎ ለአየር መንገዱ ይነገራል፤ በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ዘንድም ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ብዙ ሰው ግን «ዊልቸር ይፈልጋሉ» ብሎ ብቻ ያልፋል። አየር መንገዶች ሦስት ዓይነት ምልክት አላቸው። «ደብሊው ሲ ኤች አር» ማለት ደረጃ መውጣት የሚችል፣ ረጅም መንገድ ግን የማይችል ሰው ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ኤስ» ደረጃ የማይችል፣ ነገር ግን አውሮፕላኑ ውስጥ እስከ መቀመጫው የሚራመድ ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ሲ» ጨርሶ የማይራመድ፣ እስከ መቀመጫው ድረስ መወሰድ ያለበት ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ። አውሮፕላኑ ከሕንፃው ራቅ ብሎ ከቆመ መውረጃው ደረጃ ነው። አባታችሁ ደረጃ የማይችሉ ሆነው በመጀመሪያው ምልክት ከተመዘገቡ የሚያወርዳቸው መኪና ሳይዘጋጅላቸው ሊቀር ይችላል። እፍረት ይዟችሁ ችግሩን አታሳንሱት።

እግራቸው ደህና ሆኖ ቋንቋ ለማይችሉና ብቻቸውን ለሚጓዙ አዛውንቶችም ተቀብሎ የሚመራ ሰው ይጠየቃል፤ ምልክቱ «ኤም ኤ ኤ ኤስ» ነው። ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ወገኖችም የየራሳቸው ምዝገባ አላቸው። መስማት የማይችል ሰው የመሳፈሪያ በር መቀየሩን በድምፅ ማጉያ አይሰማምና፣ ሰሌዳው በሚታይበት ቦታ መቀመጥና ለበር ሠራተኛው መንገር አለበት። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን የነበሩት ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ዓይነ ስውር እንደነበሩ እናውቃለን፤ እንግዲህ መሪ መጠየቅ የሚያሳፍር ከየት መጣ?

የራሱ ዊልቸር ያለው ሰው እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ በእሱው መሄድ እንዲፈቀድለት ይጠይቅ። ሲያስረክብ ፎቶ ያንሳው፣ ትራሱንና ተነቃይ ዕቃውን ይዞ ይግባ። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የባትሪውን ዓይነት አስቀድሞ ማስታወቅ ግዴታ ነው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ በእጅ ቦርሳ ይሁን እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን። ወንበር ገፊው ሰልፍ እያቋረጠ ሲፈጥን ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ የእናት ስም፣ የሆቴሉ አድራሻና የልጅ ስልክ በዐረብኛ ተጽፎ አንገታቸው ላይ ይንጠልጠል። በቡድን የምትሄዱ ከሆነም የቡድኑ መሪ እነማን ዊልቸር እንደጠየቁ በዝርዝር ይያዝ።

ስለ ዒባዳው ባጭሩ እንናገር። በረራው ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው፤ ጂዳም በብዙኃን ዑለማዎች ዘንድ ሚቃት ከታለፈ በኋላ የምትገኝ ናት። አውሮፕላን ውስጥ ልብስ መቀየር ለታመመ ሰው ከባድ ስለሆነ ኢሕራሙን ቦሌ ላይ ወይም ቤት ለብሰው ይውጡ፤ ኒያው ሚቃት ሲቃረብ ይደረጋል። ለሕመም ተብሎ ጉልበት ላይ የሚታሰር ፋሻ ኢሕራምን አያበላሽም። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ጠዋፋቸውን እንስሳ ላይ ተቀምጠው እንዳደረጉም ከሐዲስ ይታወቃል። ያቺ «አልገፋም» ያሉ እናት ይህንን ቀደም ብለው ቢሰሙ ኖሮ ብለን ዛሬም እንቆጫለን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መናገሩ ደስ ባይለንም። ጫት በሳውዲ ዐረቢያ ሕግ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የሚያስቀጣ ነው። «ለእገሌ አድርሱልኝ» ተብሎ የሚሰጥን የታሸገ ዕቃ በእናታችሁ ዊልቸር ላይ አታስቀምጡ፤ ሳትከፍቱ ከማንም አትቀበሉ።

ስትመለሱ በገመድ የታሰረ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ወይም ድቡልቡል ጓዝ ጂዳ ላይ አይቀበሏችሁም፤ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ሻንጣ ያዙ። ዘምዘምን ሻንጣ ውስጥ መክተት ክልክል ነው። በካርቶን የታሸገውን ባለ 5 ሊትር ገዝታችሁ ለብቻው ታስመዘግባላችሁ። ለመመለሻው በረራም ዊልቸሩ መመዝገቡን መካ ሳላችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ የመሄጃው ተመዝግቦ የመመለሻው የተረሳባቸው ብዙ ናቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።